የትዳር ፈላጊ ፕሮፋይልን በብዙ ሰው ዓይን ማስተካከል

ለመጠናኛ ገጽ የራሱን ፎቶ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በራሱ ላይ ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተማሪዎች ፌስቡክ ላይ ካሏቸው ፎቶዎች 12 እየሰጡ ለማኅበራዊ ገጽ፣ ለፍቅር ፍለጋና ለሥራ የሚሆነውን ለራሳቸው እንዲመርጡ፣ እንደዚሁም ለማያውቁት ሰው እንዲመርጡ ተደረገ። በኋላ ሌሎች ሰዎች ፎቶዎቹን ሲመዝኑ፣ ባዕድ የመረጣቸው ባለቤቱ ራሱ ከመረጣቸው የተሻለ ግምት ሰጧቸው። ባለቤቱ ፎቶውን ሲያይ ያን ቀን፣ አብሮት የነበረውን ሰው፣ ልብሱን የገዛበትን ምክንያት ያስታውሳል። ፕሮፋይሉን የምታየው ሴት ግን ከዚህ አንዱንም አታውቅም።

ስለዚህ ፍርዱን ለብዙ ሰው መስጠት ይሻላል። በእንግሊዝኛው ዓለም ክራውድሶርሲንግ ይሉታል፤ ብዙ ሰው ከየራሱ ትንሽ ትንሽ ፍርድ የሚያዋጣበት አሠራር ነው። የሚሠራው ግን አንድ ነገር ሲሟላ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን መልስ ሳያይ መመለስ አለበት። እንግሊዛዊው የሳይንስ ሰው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመው ታዋቂ ምሳሌ ይህን ያስረዳል። በእንግሊዝ ፕሊመዝ ከተማ በተካሄደ የከብት ትርዒት ላይ 787 ሰዎች የአንድን በሬ የሥጋ ክብደት በየወረቀታቸው ገመቱ። ግምቶቹ በመጠናቸው ሲደረደሩ መሀል ላይ የዋለው 1,207 ፓውንድ ሆነ፤ ትክክለኛው ክብደት 1,198 ነበር። ሰዎቹ ተሰብስበው እየተከራከሩ ገምተው ቢሆን ኖሮ ድምፁ የጎላው ሰው ሁሉንም ይዞ በሄደ ነበር። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ፎቶ ሲለጠፍ የሚሆነውም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሰው «ይቺኛዋ ታምራለች» ካለ ቀጣዮቹ አሥር ልብ ምልክቶች እሱን ተከትለው ይመጣሉ። ያ አሥር ድምፅ ሳይሆን አንድ ድምፅ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፤ ይሉኝታ። ወዳጅ «ይሄ ፎቶህ አይሆንም» አይልም፤ «ሁሉም ያምራል» ይላል። ከዚህ በታች ያለው አጠያየቅ የተዘጋጀው በተለይ ይህን ለማለፍ ነው።

ለምርጫ የሚቀርቡትን ፎቶዎች ማዘጋጀት

ከ8 እስከ 12 ፎቶ ይበቃል። ሁሉም ባለፈው አንድ ዓመት የተነሱ ይሁኑ። ሦስቱ ከትከሻ በላይ ፊት በደንብ የሚታይባቸው፣ ሁለቱ ሙሉ ቁመት፣ ሁለት ሦስቱ አንድ ነገር ስትሠሩ የተነሱ፣ አንዱ ወይም ሁለቱ በባህል ልብስ ቢሆኑ ጥሩ ስብጥር ነው። የተፈጥሮ ብርሃን፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ፣ ለጠይም ቆዳ ከካሜራ ፍላሽ በጣም ይሻላል፤ ፍላሽ ግንባርና አፍንጫ ላይ ያብለጨልጫል፣ ጀርባውን ያጨልማል። ፊትን የሚያነጣ ፊልተር ያለበትን ከመጀመሪያው አውጡት።

ደጋግመው ሰው የሚያሳስቱ ፎቶዎች አሉ። የሚዜ ፎቶ አንዱ ነው። ሙሉ ሱፍ ለብሶ ደረቱ ላይ አበባ የሰካ ወንድ ለማያውቀው ሰው ሙሽራ ነው፤ ካባ የደረበችም ሴት እንዲሁ። ተመልካቹ «ያገባ ነው እንዴ?» ብሎ ያልፋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ምክንያቱን በጭራሽ አያውቅም። የምርቃት ጋዋን ፎቶ ስንት ዓመት እንደሆነው ያናግራል። ጉርድ ፎቶ የሥራ ማመልከቻ ይመስላል። አምስት ጓደኛሞች የቆሙበት ፎቶ የመጀመሪያ ሆኖ ከገባ፣ ተመልካቹ የቱ እንደሆናችሁ ለማወቅ አይደክምም፤ ያልፋል። የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን ፎቶ ለማንም አታሳዩ፤ ወላጁ አልፈቀደም፣ ልጁም የእናንተ ይመስላል።

ማን ይመርጥ?

ሦስት ዓይነት ሰው ያስፈልጋል፤ የሦስቱም ሥራ የተለያየ ነው። የመጀመሪያዎቹ የማያውቋችሁ፣ የምትፈልጉት ፆታና ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስለ ማራኪነትና ስለ መጀመሪያ ስሜት የእነሱ ድምፅ ይበልጣል። የ32 ዓመት ሴት ባል ፍለጋ ያወጣችውን ፎቶ የወንድሟ ጓደኞች ሳይሆኑ ከ30 እስከ 42 የሆኑ፣ የማያውቋት ወንዶች ይመዝኑት። ሁለተኛዎቹ በአካል በደንብ የሚያውቋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። እነሱን ስለ ውበት አትጠይቁ፤ የምትጠይቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህን ፎቶ ብቻ ያየ ሰው ካፌ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ያውቀኛል?» አንዱ እንኳ ቢያመነታ ፎቶው ይውጣ። ብዙ ሰው የወደደው ነገር ግን እናንተን የማይመስል ፎቶ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሰዎችን ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ ያመጣና እዚያው ያስቀይማቸዋል።

ሦስተኛዎቹ የባህሉን ምልክት የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። አንገት ላይ ያለ ማተብ፣ የሂጃብ አጠማጠም፣ የሐዘን የሚመስል የነጠላ አለባበስ፣ ከኋላ የሚታይ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደጅ ለእኛ ሰው ብዙ ይናገራል፤ ለዋሽንግተን ወይም ለስቶክሆልም ነዋሪ ባዕድ ግን ምንም ላይናገር ይችላል። የምትፈልጉት ሐበሻ ከሆነ ቢያንስ ግማሾቹ መራጮች ሐበሾች ይሁኑ። ማንኛውም ሰው ቢሆን ግድ ከሌላችሁ ደግሞ ሁለቱን ቡድን ለየብቻ ቁጠሩ፤ ሲደባለቁ የሁለቱም ፍላጎት ይጠፋል።

ቅጹን መሥራት

የመጀመሪያው ዙር በጉግል ፎርምስ ይሠራል። ፎቶዎቹን «ሀ፣ ለ፣ ሐ...» ብላችሁ አስገቡ፤ «የገና ዕለት» ወይም «የምወደው» የሚል ጽሑፍ አታስጠጉ። የኢሜይል መሰብሰቢያውን አጥፉ፣ የአማራጮቹ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ሰው እንዲቀያየር አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ካልተቀያየረ መጀመሪያ ላይ ያለው ፎቶ ያለ ሥራው ድምፅ ያገኛል።

ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ ነጥብ ስጡ አትበሉ። ይሉኝታ ያለበት ሰው ለሁሉም ከ5 አራት ሰጥቶ ይሄዳል፣ እናንተም ምንም አትማሩም። ይልቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ከእነዚህ ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?» እና «ከእነዚህ መውጣት ያለበት የቱ ነው?» የግድ አንዱን ማውጣት ሲኖርበት ማንም ሰው እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ለእያንዳንዱ ፎቶ «ይሻላል» ካሉት ላይ «ይውጣ» ያሉትን ቀንሱ። 30 ሰው መልሶ አንድ ፎቶ 11 «ይሻላል»፣ 2 «ይውጣ» ካገኘ ውጤቱ 9 ነው። ዜሮና ከዚያ በታች ያገኙትን ሁሉ ያለ ክርክር ጣሏቸው፣ የምትወዱት ፎቶ ቢኖርበትም። በጣም የሚያሳሳ እርምጃ ይህ ነው፤ የጠቅላላው ሥራ ጥቅም ግን እዚህ ላይ ነው።

ከታች አንድ ክፍት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ያወጣችሁትን ያወጣችሁበት ምክንያት በአንድ ቃል?» ሦስት ሰው ሳይነጋገር «ቁጡ» ብሎ ከጻፈ ፊታችሁ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ከጻፈ የእሱ አመል ነው።

በቴሌግራም ፖል መሥራትም ይቻላል፤ ድምፅ ሰጪው እንዳይታወቅ የሚያደርገው ምርጫ በርቶ ይሁን፣ አስተያየት መጻፊያው ደግሞ ዝግ። ፖሉ ውጤቱን የሚያሳየው ሰውየው ከመረጠ በኋላ ስለሆነ በዚህ በኩል ደህና ነው። አደጋው ከሥሩ የሚጻፈው ነው።

ሁለተኛው ዙር ለተረፉት ሦስት ወይም አራት ፎቶዎች ነው። እዚህ ላይ እንደ ፎቶፊለር ያለ፣ ባዕዳን የሚመርጡበት ገጽ ይጠቅማል። ለፍቅር ፍለጋ የገባ ፎቶ እዚያ በሦስት ነገር ይመዘናል፤ በማራኪነት፣ በብልህነትና በታማኝነት። የሌሎችን ፎቶ እየመዘናችሁ ለራሳችሁ ድምፅ ታገኛላችሁ፣ ወይም ትከፍላላችሁ። ዓላማውን ስትመርጡ ተጠንቀቁ፤ ለሥራ ተብሎ የገባ ፎቶ የሚመዘነው በሌላ መለኪያ ነው። ማራኪነቱ ከፍ ብሎ ታማኝነቱ የወረደ ፎቶ ብዙ ጊዜ ጥቁር መነጽር ያለበት፣ ከመስታወት ፊት የተነሳ ወይም ከንፈር የተሾለበት ነው፤ በእሱ ፈንታ ሳቅ ያለበትን ሞክሩ።

ስንት ድምፅ ይበቃል?

ከ20 ሰው 10ሩ ፎቶውን ቢወዱት 50 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን በ20 ድምፅ ላይ ያለው የመሳሳት ክልል ወደ 22 ነጥብ ወዲያና ወዲህ ስለሆነ እውነተኛው ከ28 እስከ 72 መካከል የትም ሊሆን ይችላል። በ40 ድምፅ ክልሉ ወደ 15 ይጠብባል፣ በ100 ወደ 10። ስለዚህ በ20 ድምፅ 55 እና 45 በመቶ ያገኙ ሁለት ፎቶዎች እኩል ናቸው፤ የወደዳችሁትን አስቀድሙ። በ40 ድምፅ 70 እና 35 ካገኙ ግን ጉዳዩ አልቋል። ከ40 በላይ ለመሰብሰብ ገንዘብ ማውጣት ለአንድ ሰው ፕሮፋይል አያስፈልግም።

ባዕዳን ነጥብ በሚሰጡበት በሁለተኛው ዙር አማካዩን ብቻ አትዩ። አንዱን ፎቶ ሁሉም 3 ቢሰጠው፣ ሌላውን ግማሹ 5 ግማሹ 1 ቢሰጠው የሁለቱም አማካይ 3 ነው። ኦኬኪውፒድ ከተባለው የመጠናኛ ገጽ መሥራቾች አንዱ የሆነው ክርስቲያን ረደር እ.ኤ.አ. በ2011 የገጹን መረጃ ተንትኖ እንዳሳየው፣ በእኩል አማካይ ላይ ሰውን የሚከፋፍሉ ሴቶች ብዙ መልእክት ያገኙ ነበር። የምትፈልጉት አንድ ሰው እንጂ የሕዝብ ምርጫ ማሸነፍን ስላልሆነ፣ 5 የሰጡት ሰዎች የምትፈልጓቸው ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡና ከፋፋዩን ያዙ። ብዙ ሰው ያስማማው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም የማያስቆጣ፣ ማንንም የማያስቆም ነው።

ቸኩሎ የሞላ መራጭ በሁሉም ውስጥ አለ። ክፍት ጥያቄው ላይ ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ያለፈውን፣ «ይሻላል» እና «ይውጣ» ላይ አንዱን ፎቶ ሁለቴ የመረጠውን አውጡት።

ጽሑፉ

ኦኬኪውፒድ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሙከራ ፕሮፋይሎችን አንዴ ከጽሑፍ ጋር፣ አንዴ ያለ ጽሑፍ ሲያሳይ ጽሑፉ ለአንድ ሰው በሚሰጠው ግምት ላይ የነበረው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ጊዜያችሁን በዚያው ልክ መድቡት፤ መጀመሪያ ፎቶ። ጽሑፉ ግን የማይሆናችሁን ሰው አስቀድሞ ስለሚያስቀርና ለሚሆናችሁ መነጋገሪያ ስለሚሰጥ ለትዳር ፈላጊ ሊታለፍ አይገባም።

ጽሑፉን ያለ ፎቶና ያለ ስም ለ8 ወይም 10 ሰው ስጡ፤ «ጥሩ ነው?» ግን አትበሉ። እነዚህን ጠይቁ፦ ይህ ሰው ምን ይፈልጋል? ብታገኙት የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ምን ይሆን ነበር? ለማንም ሰው ሊጻፍ የሚችለው ዓረፍተ ነገር የቱ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። መራጩ የሚጠይቀው ካጣ፣ ፕሮፋይሉን ያየውም ሰው «ሰላም» ከማለት ሌላ አይመጣለትም።

«ፈጣሪዬን የምፈራ፣ ቁም ነገረኛ፣ ተጫዋችና ቅን ሰው ነኝ፤ ታማኝ የሆነች እፈልጋለሁ» የሚለው በዚህ ፈተና ሁልጊዜ ይወድቃል። ውሸት አይደለም፤ ግን ይህን የማይል የለም። ይህን አስተያዩ፦ «34 ዓመቴ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እጾማለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ አልቀርም። ሽሮ ይሆንልኛል፣ ዶሮ ገና ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማግባት እፈልጋለሁ፣ ልጅ ያላት ብትሆንም ደስ ይለኛል።» ከዚህ ውስጥ ቢያንስ አራት ጥያቄ ይወጣል፤ ሌሊት የሚሠራ ባል የማትፈልግ ሴትም ጊዜዋን አታባክንም። የመሥሪያ ቤቱ ስም ግን አይጻፍ።

ገጹ ላይ መፈተን

የመራጮች ምርጫ መላ ምት ነው፤ የመጨረሻው ፈራጅ ገጹ ላይ ያሉት ሰዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ወይ የመጀመሪያውን ፎቶ፣ ወይ ጽሑፉን። እያንዳንዱን ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሳምንት አቆዩት፣ በዓል ያለበትን ሳምንት ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። የራሳችሁም አጠቃቀም አይለወጥ፤ አንዱን ሳምንት በየቀኑ ገብታችሁ ሌላውን ከረሳችሁት ልዩነቱ የፎቶው አይደለም። የምትቆጥሩት የላይክ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከአምስት ስድስት መልእክት ያለፈ ወሬ ስንት እንደሆነ ነው። 6 እና 9 ልዩነት አይደለም፤ 6 እና 25 ነው። ቲንደር የተባለው የመጠናኛ አፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመጀመሪያውን ፎቶ እያፈራረቀ ብዙ የተወደደውን የሚያስቀድም ስማርት ፎቶስ የሚባል አሠራር አለው። ያ በርቶ ከሆነ ራሱ እየፈተነ ስለሆነ የእናንተን ፈተና ያበላሸዋል፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

ለብዙ ሰው ስታሳዩ መጠንቀቅ

ፎቶን ለሁሉ ክፍት በሆነ ግሩፕ መለጠፍ አይገባም። በፍቅር ስም የሚያታልሉ ሰዎች የሚጠቀሙት የተራ ሰዎችን ፎቶ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዲህ መታለላቸውን እንዳመለከቱና ጉዳቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደደረሰ አስታውቋል። ሊንኩን ለምታውቋቸው ስጡና እነሱ ለሁለት ለሁለት ሰው ያስተላልፉ፤ ስምና ስልክ አይኑር። የመኪና ታርጋ፣ የግቢ በር፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ የሚታይበትን ቁረጡት። ቴሌግራም ላይ በፋይል መልክ የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መረጃ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል በተራ ፎቶ መልክ ላኩት። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት የአሠሪዎቿ ቤት ወይም ልጆች የሚታዩበትን ፎቶ ጨርሳ አትጠቀም፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት በሕግ ያስቀጣል።

ከተዋወቃችሁት ሰው ጋር የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ምክር መጠየቅም ተዉ። ምክር ካስፈለጋችሁ በራሳችሁ ቃል ንገሩ፤ ሰውየው ለእናንተ እንጂ ለግሩፕ አልጻፈም።

የትዳር ፈላጊ ቻናል ወይም ገጽ ለምታስተዳድሩ

አድሚን ብቻውን የሚያወጣው መጠይቅ ሁልጊዜ ቀጭን ነው፤ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ ሥራ። ኦኬኪውፒድ ጥያቄዎቹን ከተጠቃሚዎቹ ሰበሰበ። እናንተም አባላቱን «ከጋብቻ በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ የቱ ነው?» በሏቸው። ለቤተሰብ በየወሩ ገንዘብ መላክ፣ ከአማት ጋር አንድ ግቢ መኖር፣ ወደ አገር ቤት መመለስ፣ ልጆችን በአማርኛ ማሳደግ፣ የጾም ምግብ በቤት ውስጥ፤ የሚመጣው እንዲህ ያለ ነው። ከመጡት ውስጥ ሰውን ወደ እኩል የሚከፍሉትን ያዙ፤ 95 በመቶው አንድ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ማንንም ከማንም አይለይም።

እያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት መልስ ይፈልጋል፦ የራሴ፣ ከሌላው የምቀበለው፣ ለእኔ ያለው ክብደት። ከዚያ እሷ ከእሱ መልሶች ምን ያህል እንደረካች፣ እሱም ከእሷ፣ በመቶኛ ይሰላል። ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት አታካፍሉ። እሷ 10፣ እሱ 90 ቢሆኑ አማካዩ 50 ነው፤ እሷ ግን አትፈልገውም። ሁለቱን አባዝታችሁ ካሬ ሩት ውሰዱ፤ 30 ይመጣል፣ እውነቱም ወደዚያ ይቀርባል። ኦኬኪውፒድም የሠራው በዚህ ነበር። ውጤቱን ግን አትነካኩ። ያው ድርጅት 30 በመቶ የሚጣጣሙ ሰዎችን 90 ናችሁ እያለ መሞከሩን እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱ ገልጦ ብዙ ነቀፋ ደርሶበታል።

ሰዎች ከተገናኙ በኋላ መጠየቅ ሌላው ትልቅ ምንጭ ነው። ሂንጅ የተባለው የመጠናኛ አፕ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ «ተገናኛችሁ? ድጋሚ ልታገኙት የምትፈልጉት ዓይነት ሰው ነው?» እያለ በስውር ይጠይቃል። ለቻናል ሁለት አዎ ወይም አይ ጥያቄ፣ ከተዋወቁ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ይበቃል። ቲንደርም እ.ኤ.አ. በ2023 ወዳጅ ዘመድ ፕሮፋይል እያየ የሚጠቁምበትን መንገድ ከፍቷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 15 ሰው መጋበዝ ይቻላል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ሰባት ቤት የሚቆጠርባቸው ቤተሰቦች ካሏችሁ ደግሞ ይህን አፕ አያውቅላችሁም፤ ነገሩ ከመጥናቱ በፊት የሁለቱም ወገን አዋቂዎች የአያት የቅድመ አያት ስም ይለዋወጡ።

በአባላት ላይ በሚቀርብ የክስ ጥቆማ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ከአንድ ወገን አምስት ክስ ከቀረበበት ምናልባት የተደራጀ ጥቃት ነው። በተለያየ ጊዜ፣ እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ከመጣ ፕሮፋይሉን ለጊዜው ደብቁና ሰው ይመርምረው፤ ተከሳሹም ይጠየቅ። ገንዘብ የጠየቀ ግን በአንድ ጥቆማ ከነማስረጃው ይታገድ። የተጠቆሙ ሰዎችን ስም ለአባላት አታሰራጩ።

መታወቂያ አትሰብስቡ። ሴቶች ስለ ወንዶች የሚጠቋቆሙበት ቲ የተባለው የአሜሪካ አፕ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ተሰብሮ ወደ 72,000 ምስል ወጥቶበታል፤ ከዚያ ውስጥ 13,000 ያህሉ አባላት ለማረጋገጫ የላኳቸው ሴልፊዎችና መታወቂያዎች ነበሩ። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በቪዲዮ ጥሪ ፊትና መታወቂያ ጎን ለጎን አይታችሁ «ተረጋግጧል» ብቻ ብላችሁ መዝግቡ፤ ምስሉን አታስቀሩ። የፎቶ ምርጫ ቅጾችን ከነመልሳቸው በ30 ቀን ውስጥ አጥፉ፣ ያገባና ከቻናሉ የወጣ አባል ፕሮፋይል ደግሞ በዚያው ሳምንት።